ሙቀት የፈተነው ብልቃጥ

የታሪክ ጽሑፍ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የነገሥታት ዜና፣ የጦርነት ወሬና የድል ቀን ነው። እኔ ግን በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ለመጻፍ የመረጥሁት ስለ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ነው። ብልቃጧ ጣት የማታክል ናት። ነገር ግን በውስጧ የነበረው መድኀኒት ሙቀትን መቋቋም እስኪችል ድረስ ከ150 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ መቋቋም በቻለ ጊዜም ከዓለም ላይ አንድ ክፉ በሽታ ጨርሶ ጠፋ። ይህን ታሪክ እንድፈልግ ያነሣሣኝ በላቦራቶሪያችን የደረሰ አንድ ነገር ስለ ሆነ በርሱ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት ከበዓል ዕረፍት ስንመለስ የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ቆሞ አገኘነው። መብራት መቼ እንደ ጠፋ፣ ስንት ቀንም እንደ ቆየ የሚነግረን ሰው አልነበረም። በሩን ስንከፍት የሞቀ አየር ፊታችንን መታን። በውስጡ የነበሩት የስታርች ውሁድ፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና ስታርች የሚፈጭ ኤንዛይም ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ ጠርሙሶቹን ወደ መስኮት እያነሣ ከተመለከተ በኋላ፣ «መልካቸው አልተለወጠም፤ ደኅና ናቸው» አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ «የሞቀ ነገር ምን ይረባል? ሁሉም ይደፋ» አለች። መምህራችን የሁለቱንም ቃል ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «አንተ ሳትመረምር አዳንሃቸው፤ አንቺም ሳትመረምሪ ገደልሻቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማችሁምን?» አሉንና ወደ ሥራ አሰማሩን።

የስታርቹን ውሁድ ስንከፍተው ኮምጥጦ ይሸት ስለ ነበር በርሱ ላይ ክርክር አልተነሣም። በፐሮክሳይዱ ውስጥ ጥሬ ድንች ቆርጠን ብንጨምርበት እንደ ወትሮው አረፋው ገንፍሎ ወጣ። ኤንዛይሙን ግን አዲስ ስታርች አፍልተን፣ አዮዲን ጠብ አድርገን ስንፈትነው ነገሩ ሌላ ሆነ። ባለፈው ወር በደብተራችን እንደ ጻፍነው ሰማያዊው ቀለም በ4 ደቂቃ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን እስኪጠፋ ድረስ 11 ደቂቃ ፈጀ። እንግዲህ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ድኗል፣ አንዱ ደግሞ በሕይወት አለ ቢባልም ደክሟል። ሦስቱንም በዐይን ብቻ ተመልክቶ መለየት አይቻልም ነበር። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ሦስተኛው መድከሙን እንኳ ባላወቅን ነበር።

ለመሆኑ «ይህ ነገር ከቅዝቃዜ ወጥቶ ከረመ፤ ታዲያ ኀይሉ አለን ወይስ የለም?» ብሎ ከእኛ በፊት የጠየቀ ሰው ነበርን? ነበር፤ ከጥያቄው ላይም የብዙ ሚሊዮን ሰው ነፍስ ተንጠልጥሎ ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈንጣጣ ምን ያህል ክፉ በሽታ እንደ ነበረ ወጣቶች አላየንም፤ አያቶቻችን ግን ያውቁታል። ከያዛቸው ብዙዎቹን ይገድል ነበር፤ የተረፉትንም ፊታቸውን ያበላሽ፣ አንዳንዶቹንም ዐይናቸውን ያጠፋ ነበር። በብዙ አገር፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ከታመመ ሰው ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ የጤነኛውን ሰው ክንድ ጫር አድርጎ መክተብ የቆየ ልማድ ነበር። ይህ ብዙ ሰው አድኗል። ቢሆንም ቅሉ የሚከተበው ራሱ እውነተኛው ፈንጣጣ ስለ ነበረ አንዳንዱ ተከታቢ ይሞት፣ በሽታውም ወደ ጎረቤት ይዛመት ነበር።

ኤድዋርድ ጄነር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ሜይ 14 ቀን 1796 ከአንዲት ላም አላቢ እጅ ላይ ከላም ፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጄምስ ፊፕስ የተባለውን የ8 ዓመት ልጅ ከተበው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በእውነተኛው ፈንጣጣ ቢሞክረው ልጁ አልታመመም። የላም ፈንጣጣ ሰውን አይገድልም፤ ከገዳዩ ግን ይጠብቃል። ጄነር ይህንን በ1798 በመጽሐፍ አሳትሞ ሲያወጣ ወሬው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ወሬው ግን የትም ሲደርስ ፈሳሹ አልደረሰም። ሐኪሞች ፈሳሹን በክር ላይ እያደረቁ፣ በሁለት ጠፍጣፋ መስተዋት መካከል እያሸጉ በፖስታ ይልኩት ነበር። በብርድ አገር፣ በአጭር መንገድ ሲሆን ብዙ ጊዜ ደኅና ይደርሳል። በሙቅ አገርና በረዥም የባሕር ጉዞ ጊዜ ግን ክሩ መልኩ ሳይለወጥ ኀይሉ ብቻ ይጠፋል። ሐኪሙም በሞተ ክር ይከትባል፤ ሕዝቡም ተከተብሁ ብሎ ተማምኖ ይቀመጣል፤ ፈንጣጣው ሲመጣ ያልቃል። የሞተ መድኀኒት ከነጭራሹ ካለመኖር የሚከፋው ስለዚህ ነው።

የቪየናው ሐኪም ዣን ደ ካሮ በመስተዋት መካከል የታሸገ ክር ወደ ባግዳድ ልኮ ተሳክቶለታል። ከባግዳድ ወደ ሕንድ የተጓዘው ግን በክር አይደለም፤ ከሰው ክንድ ወደ ሰው ክንድ እየተሻገረ ነው። በዚህም መንገድ በጁን 1802 በቦምቤ ከተማ አንዲት የ3 ዓመት ልጅ ተከተበች። ሕያው የሆነ የሰው ገላ ፈሳሹን ከሙቀት የሚጠብቅ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ከሁሉ ይልቅ አስፍቶ የሠራበት በስፔን ንጉሥ በአራተኛው ካርሎስ ትእዛዝ የተላከው የዶክተር ፍራንሲስኮ ባልሚስ ጉዞ ነው። መርከቢቱ ኖቬምበር 30 ቀን 1803 ከላ ኮሩኛ ወደብ ስትነሣ 22 ወላጅ አልባ ወንዶች ልጆችን ይዛ ነበር። በየዘጠኝ በየአሥር ቀኑ ሁለት ሁለት ልጆች ይከተባሉ፤ ቁስላቸው ሲበስል ከነርሱ ወደ ቀጣዮቹ ሁለት ይተላለፋል፤ እንዲህ እየተባለ ክትባቱ ሳይሞት አትላንቲክን ተሻገረ። ልጆቹን የምትጠብቃቸው የሙት ልጆች ቤት ኀላፊ የነበረችው ኢሳቤል ሴንዳል ነበረች። ጉዞው ካሪቢያንንና ሜክሲኮን ካዳረሰ በኋላ ሌሎች 26 ልጆች ከሜክሲኮ ተወስደው ክትባቱን እስከ ፊሊፒንስ አደረሱት። ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን እኛ ተማሪዎች ስናነበው ሌላም ነገር ልብ ማለት ይገባናል። የማንም ባለጠጋ ልጅ በዚያች መርከብ ላይ አልተሳፈረም። መድኀኒቱን የሚችል ብልቃጥ ስላልነበረ ጠያቂ ዘመድ የሌላቸው ሕፃናት ብልቃጥ ሆኑ።

ከክንድ ወደ ክንድ መከተብ ሌላም ጉዳት ነበረው። አንድ ልጅ ቂጥኝ ቢኖርበት በሽታው ከክትባቱ ጋር ይተላለፍ ነበር። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈሳሹን በጥጃ ቆዳ ላይ ማልማት እየተለመደ ሄደ። በ1891 ኮፕማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከጥጃ የተገኘውን ፈሳሽ ከግሊሰሪን ጋር ቀላቅሎ ቢያስቀምጠው ግሊሰሪኑ ባክቴሪያዎቹን እየገደለ የክትባቱን ኀይል እንደሚያቈይ አስረዳ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ በብርድ ቦታ ካስቀመጡት ለወራት ያገለግላል። በሙቅ ቦታ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። በረዶ በሌለበት ቆላ፣ መኪና በማይገባበት ገጠር ላለ ሕዝብ ታዲያ ምን ይጠቅመዋል?

መልሱ እናቶቻችን ቀድሞውኑ ከሚያውቁት ነገር ጋር ይመሳሰላል። ትኩስ እንጀራ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል፤ ደርቆ ድርቆሽ የሆነ እንደ ሆነ ግን ለመንገደኛ የብዙ ወራት ስንቅ ይሆናል። ጥሬ ሥጋ ሳይውል ሳያድር ይበላሻል፤ ቋንጣ ግን ይከርማል። የሚያበላሸው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ የሚሠራው በውሃ አማካይነት ነው። ውሃው ሲወጣ ሙቀቱ እጁ ይታሰራል። በ1920ዎቹ ዓመታት ኦተን የተባለ የሆላንድ ሊቅ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር ይህንኑ ተከትሎ ደረቅ የፈንጣጣ ክትባት ሠርቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የደም ፕላዝማንና ፔኒሲሊንን ለማቈየት ሲባል አቀዝቅዞ የማድረቅ ጥበብ ተስፋፋ። ይኸውም ፈሳሹን መጀመሪያ ወደ በረዶነት መለወጥ፣ ቀጥሎም አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ በረዶው ወደ ውሃነት ሳይመለስ በቀጥታ ተንኖ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ነገር ግን ጥበቡ መኖሩ ብቻ አልበቃም። በዚህ መንገድ የደረቀው የፈንጣጣ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ሕያው፣ ሌላው ሙት እየሆነ አስቸገረ። በእንግሊዝ አገር በሊስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ሌስሊ ኮሊየር ምክንያቱን በትዕግሥት ፈለገ። ባክቴሪያ እንዲገድል ተብሎ ይጨመር የነበረው ፌኖል ውሃው እየወጣ በሄደ መጠን እየጠነከረ ቫይረሱን ይጎዳው እንደ ነበር ተገነዘበ። ስለዚህ ፈሳሹን በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ እያጠለለ ፌኖሉን ቀነሰ፤ ከዚያም ፔፕቶን የተባለውን ከፕሮቲን የሚገኝ ነገር እንደ መከታ ጨመረበት። ደርቆ የታሸገውንም ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ አርቆ ሆን ብሎ በሙቀት ውስጥ አኖረው፤ በየጊዜውም እያወጣ ኀይሉን ለካ። ሥራውን በ1955 ሲያሳትም ያገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነበር፤ ክትባቱ በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ ኀይሉ አልጠፋም። አርባ አምስት ዲግሪ ማለት ከማንኛችንም ክፍል ሙቀት እጅግ የበለጠ፣ የዳናክል በረሃ ሙቀት ነው።

እነሆ የታሪኩ መገናኛ እዚህ ላይ ነው። እኛ ሳንፈልግ የደረሰብንን ነገር ኮሊየር ፈልጎ አደረገው። ማቀዝቀዣው ሲቆም ምን ይሆናል ብሎ ከመፍራት ይልቅ ማቀዝቀዣውን ትቶ ጠየቀ።

በ1958 ሶቪየት ኅብረት ፈንጣጣ ከዓለም እንዲጠፋ ለዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ ሐሳብ አቀረበች፤ ደረቅ ክትባትም በሚሊዮን የሚቈጠር ለገሰች። በ1967 ዘመቻው በአዲስ ኀይል ሲጀመር የመጀመሪያው ችግር የሰው ወይም የገንዘብ እጥረት ብቻ አልነበረም። በየአገሩ ይሠራ የነበረው ክትባት ሲመረመር ብዙው ከተወሰነው ደረጃ በታች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በካናዳ ቶሮንቶ፣ በሆላንድም ቢልቶቨን ያሉ ላቦራቶሪዎች ክትባቱን እንዲፈትኑ ተደረገ። ፈተናውም ይህ ነበር፤ ብልቃጡ በ37 ዲግሪ ሙቀት 4 ሳምንት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ኀይሉ ይለካል፤ ካላለፈ አይታደልም። ማንም «ደኅና ይመስላል» በሚል ቃል አልተታለለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ዘመቻው በኢትዮጵያ የተጀመረው በጃንዋሪ 1971 ነው። በዚያው ዓመት የተመዘገበው በሽተኛ ከ26,000 በላይ ነበር። ብዙው ሕዝብ ይኖር የነበረው ከመኪና መንገድ ርቆ፣ በተራራና በሸለቆ፣ በበረሃም ነበር። ክትባተኞቹ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ በበቅሎና በእግር፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ተጉዘዋል። በቅሎ ማቀዝቀዣ አትሸከምም። በከረጢት ተይዞ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚሄድ ክትባት ሕያው ሆኖ ባይደርስ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ በሆነ ነበር። ደረቁ ክትባት ግን ደረሰ። ባለ ሁለት ጥርሷ መርፌም ረዳችው፤ ቤንጃሚን ሩቢን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፋት ይህች መርፌ ጠብታዋን በጥርሶቿ መካከል ይዛ ክንድን 15 ጊዜ ወጋ ወጋ ታደርጋለች። በቀድሞው ዘዴ ለ25 ሰው የሚበቃው ብልቃጥ በርሷ ለ100 ሰው ሆነ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያ በበረሃ ሙቀት ወራት የሚችል ዱቄት በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ የዚያኑ ቀን ካልተሠራበት ማታ ይጣል ነበር። ያው መድኀኒት፣ ያው ሙቀት፤ ልዩነቱ ውሃው ብቻ ነው። ስለዚህ «ክትባቱ ሙቀት ይችላልን?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። በምን ሁኔታ ሳለ፣ ስንት ቀን፣ በስንት ዲግሪ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በኦጋዴን በረሃ በኦገስት 1976 ነው። በዓለም ላይ ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻ ሰው በጎረቤታችን በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት የነበረው አሊ ማው ማሊን ሲሆን ጊዜውም ኦክቶበር 1977 ነው፤ እርሱም ድኗል። ሜይ 8 ቀን 1980 የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ላይ መጥፋቱን ለዓለም አስታወቀ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው «እንግዲያው ብርድ ምንጊዜም ወዳጅ፣ ሙቀት ምንጊዜም ጠላት ነው» የሚል ትምህርት ብቻ ይዘን እንዳንሄድ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ በአሉሚኒየም ጨው የሚዘጋጁ አንዳንድ ክትባቶች፣ ለምሳሌ የመንጋጋ ቆልፍና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ ወደ በረዶነት ከተለወጡ ይበላሻሉ። እነዚህን ከሙቀት አድናለሁ ብሎ በበረዶ መካከል የቀበረ ሰው ራሱ ገደላቸው። ሁለተኛው፣ ከሙቀትና ከመዘግየት የተነሣ የሚሆነው ሁልጊዜ ሞት ብቻ አይደለም። በ1879 በሉዊ ፓስተር ላቦራቶሪ የዶሮ ኮሌራ ተሐዋስያን የበጋው ዕረፍት እስኪያልፍ ድረስ ሳይነኩ እንደ ከረሙ ይተረካል። ከዕረፍት በኋላ ለዶሮዎች ቢወጉ ዶሮዎቹ ጥቂት ታመው ዳኑ፤ ኋላም ትኩሱን ተሐዋስ ቻሉት። የከረመው ተሐዋስ ደክሞ ክትባት ሆኖ ነበር። ፓስተር «ተበላሸ» ብሎ ደፍቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ትምህርት ባላገኘ ነበር።

በዘመናችንም ጥያቄው ራሱ በብልቃጡ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት ብልቃጥ ላይ፣ ኋላም በሌሎቹ ላይ፣ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ትለጠፋለች። ብልቃጡ ያገኘው ሙቀት በተጠራቀመ መጠን አራት ማዕዘኗ እየጠቆረች ትሄዳለች። ከዙሪያዋ ክብ ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከበለጠች ክትባቱ አይሰጥም። በአንድ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ማቀዝቀዣው መቼ እንደ ቆመ ባታውቅም ብልቃጡ ራሱ ይነግራታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀረን ምንድን ነው? ሳይመረምሩ መጣል ብክነት ነው፤ ዕቃ በብዙ ገንዘብ ለሚገዛ ትምህርት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ሳይመረምሩ መጠቀም ደግሞ ከብክነትም የከፋ ነው፤ የውሸት መልስ ይሰጣል፤ ሰውም የውሸቱን መልስ አምኖ ይሄዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በላቦራቶሪያችን በየጠርሙሱ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፋል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥም ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፤ አዲስ ኤንዛይም በመጣ ቁጥር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት በደብተር ይመዘገባል። የደከመውንም ኤንዛይም አልጣልነውም፤ «ደካማ» ብለን ጽፈንበት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሙቀትን ጉዳት ማስተማሪያ ሆኗል።

ወላጆቻችን ግን ይህን አንብባችሁ በቤት ያለውን መድኀኒት እኛ እንድንፈትነው እንዳትፈቅዱልን። ለላቦራቶሪ ትምህርት የሚሆን ዕቃ ቢሳሳት የሚጠፋው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ኢንሱሊን ወይም ሌላ በብርድ የሚቀመጥ መድኀኒት ሞቆ ካደረ ግን ወደ ፋርማሲ ባለሙያ ወስዶ መጠየቅ ይገባል፤ የሰው ነፍስ መሞከሪያ አይደለችምና።

በዚህ በበዓላችን ዓመት ብዙዎች ከዚህ ትምህርት ቤት ስለ ወጡ ታላላቅ ሰዎች ይጽፋሉ፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን የምመኘው ከመካከላችን አንድ ሁለት ሰዎች እንኳ እንደ ኮሊየር እንዲሆኑልን ነው። ስሙን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሐውልትም በየአደባባዩ አልቆመለትም። ነገር ግን በየተራራውና በየበረሃው በበቅሎ የተጓዘው ብልቃጥ ሕያው ሆኖ የደረሰው፣ አንድ ሰው ማንም ሳያስገድደው ብልቃጡን በሙቀት ላይ አኑሮ በትዕግሥት ስለ ለካ ነው።